የጭቃው ተራራና የፉሪ ተራራ

ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ በሳር ቤት በኩል ወደ ላፍቶ፣ ወደ ለቡና ወደ ጀሞ የሚወርድ መንገደኛ ከፊቱ ቆሞ የሚቀበለው ፉሪ ተራራ ነው። በክረምት ጉም ይከናነባል፤ በበጋ ማለዳ ደግሞ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። ከግርጌው የተንጣለለው ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል፤ የስሙ ግማሽ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ የመጣ ነው። ስለዚህ ይህ ሰፈር ገና ከስሙ ጀምሮ የሳይንስ ባለዕዳ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ስለ ስሙ ይህን ያህል ካልን ይበቃል። ብዕር ያነሣነው ስለ ተራራ ለመጻፍ ነው፤ ይልቁንም ስለ ሁለት ተራሮች ነው። አንደኛው ፉሪ ነው። ሁለተኛው ግን ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ከዋልካ ጭቃ የተሠራ፣ በአንድ የመማሪያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የቆመ ተራራ ነው።

አንባብያን እንደሚያስታውሱት፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል ከኤርታ አሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈነዳ። ይህ ተራራ ከዚያ በፊት ፈንድቶ እንደ ነበር በታሪክ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ፓኪስታንና እስከ ሰሜን ሕንድ ደረሰ፤ በሩቅ አገር ያሉ የአውሮፕላን ጉዞዎችም በዚሁ ምክንያት ተሰረዙ። ዓለም ስለ አውሮፕላኖቹ ሲያወራ ሰነበተ። በአፍዴራ አካባቢ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ግን የግጦሹ ሣር አመድ ለብሶባቸው ከብቶቻቸውን ምን እንደሚያበሉ ይጨነቁ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ በላፍቶ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። አንድ የሳይንስ መምህር «ኑና የልጆቹን እሳተ ገሞራ እዩልኝ» ብለው ወደ ስድስተኛ ክፍል አስገቡን። መምህሩ ከቤታቸው አንድ ጠርሙስ አቼቶና ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ይዘው መጥተዋል። ተማሪዎቹ ደግሞ ከጓሮው ዋልካ አፈር ቆፍረው፣ በውሃ አቡክተው፣ አንገቱ በተቆረጠ ባዶ ሃይላንድ ዙሪያ ጭቃውን ከምረው ተራራ አበጅተዋል። ቀይ ሥር ቀቅለው ቀዩን ውሃ ከአቼቶው ጋር ቀላቅለዋል፤ አረፋው እንዲበዛም ጥቂት የሳሙና ዱቄት ጨምረዋል። ከመካከላቸው አንዱ በተራራው ግርጌ ከክብሪት እንጨት ጎጆ ሠርቶ ነበር፤ ጎጆው ለምን እንዳስፈለገ ስንጠይቀው «እንዲጠፋ ነዋ!» አለን።

ሶዳው ቀድሞ ገባ። ከዚያ መምህሩ አቼቶውን በአንድ ጊዜ ገለበጡት። ከጭቃው አፍ ቀይ አረፋ እየፈላ ወጣ፤ በጎኑ ወረደ፤ ጎጆውንም ጠራርጎ ወሰደ። ክፍሉ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም ሽማግሌነታችንን ረስተን አብረን አጨበጨብን።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጣቷን ወደ አረፋው ሰደደች፤ ቀጥላም ጠርሙሱን ከጭቃው በላይ በተረፈው በኩል ጨበጠችው።

«ቲቸር፣ ይቀዘቅዛል እኮ!» አለች።

ጓደኞቿ ሳቁ። እርሷ ግን አልሳቀችም። «እሳት ከሆነ ለምን ይቀዘቅዛል?» ስትል ጨመረች።

መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው ጠርሙሱን ዳሰሱ። ጥቂት ዝም አሉ። «ልክ ነሽ ልጄ፤ ቀዝቅዟል» አሉ በመጨረሻ። «ምክንያቱን ግን እኔም በደንብ ማየት አለብኝ። ሰኞ እንነጋገርበታለን።»

በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣና በመስኮቱ በኩል እያመለከተ «ቲቸር፣ ፉሪስ ይፈነዳል?» ብሎ ጠየቀ። አሁን የሳቀ አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሲወዘውዝ እነዚህ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ደረጃውን በሩጫ የወረዱ ናቸው።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን። መጻሕፍትም ስናገላብጥ፣ የልጅቱ ጥያቄ ሦስት መቶ ዓመት የሚያህል ታሪክ ያለውና ታላላቅ ሊቃውንትን ያከራከረ መሆኑን ተረዳን።

ተራራን በእጅ ሠርቶ የማፈንዳት ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። ኒኮላ ሌመሪ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1700 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አንድ ሙከራ አቀረበ። የብረት ፍቅፋቂና የተፈጨ ድኝ እኩል እኩል ቀላቅሎ በውሃ አቦካ፤ ከዚያም ሊጥ 50 ሊብራ ያህል በትልቅ ማሰሮ አድርጎ በበጋ ወራት አንድ ጫማ ያህል ከመሬት በታች ቀበረው። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መሬቱ አበጠ፤ ሞቀ፤ ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ድኝ ድኝ የሚሸት ትኩስ እንፋሎት፣ ቀጥሎም ነበልባል ወጣ። ሌመሪ ይህን አይቶ የኤትናና የቬሱቪዮስ ምሥጢር ተገለጠልኝ አለ። በእርሱ አስተሳሰብ ከተራሮቹ በታች ብረትና ድኝ እንደ ጠላ ጥንስስ እየተብላሉ እሳቱን ያወጡት ነበር።

የሌመሪ ተራራ ከልጆቹ ተራራ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ በእርግጥ ይሞቃል። ነገር ግን ምክንያቱ የተሳሳተ ነበር። የእሳተ ገሞራ ሙቀት ብረትና ድኝ በመብላላታቸው የሚመጣ አይደለም፤ ከምድር ጥልቅ ውስጥ የሚወጣ፣ ዐለትን ራሱን የሚያቀልጥ ሙቀት ነው እንጂ። ቢሆንም ሌመሪን ልንወቅሰው አንደፍርም፤ በዘመኑ ስለ ምድር ውስጥ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነበርና። ሙከራው በአደባባይ የተሳካ ስለ ነበረም ስሕተቱ ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ተቆጥሮ ኖረ። ጭብጨባ የሚያስገኝ ሙከራ ሁሉ እንዲህ ያለ አደጋ አለበት።

ይህን አደጋ አጥብቆ ያየው ጄምስ ሃተን የተባለው ስኮትላንዳዊ ነው። የዘመናዊው የምድር ጥናት አባት ተብሎ የሚጠራው ይህ ሰው ጥቁር ድንጋይ ቀድሞ ቀልጦ የነበረ ዐለት ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ይሁን እንጂ በትንሽ ምድጃ ላይ እሳት አንድዶ ወደ ማቅለጫው ጽዋ ጎንበስ ብሎ በመመልከት ብቻ ምድር በስንት ዘመን የሠራችውን ሥራ ለመዳኘት የሚነሡትን ሰዎች ይነቅፍ ነበር። የምድርን ስፋት፣ ክብደቷንና የጊዜዋን ርዝመት በጽዋ ውስጥ ማስገባት አይቻልም የሚል ነው ነገሩ።

ወዳጁና ደቀ መዝሙሩ ጄምስ ሆል ግን በዚህ አልተስማማም። ሆል ሀብታምና ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ የመምህሩን ፊት ላለማሳፈር ብሎ ሙከራውን አቆየ። ሃተን እ.ኤ.አ. በ1797 ሲሞት፣ ሆል በሚቀጥለው ዓመት በ1798 በኤደንብራ የሊቃውንት ጉባኤ ፊት ውጤቱን አቀረበ። ያደረገው እንዲህ ነው። ከእኛው ጥቁር ድንጋይ ጋር የሚዛመደውን የአገሩን ጠቆር ያለ ድንጋይ ወስዶ በብረት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ እስኪፈስስ ድረስ አቀለጠው። ከዚያ በፍጥነት ሲያቀዘቅዘው ብርጭቆ ሆነ። ያንኑ እንደ ገና አቅልጦ ቀስ በቀስ ሲያቀዘቅዘው ግን ወደ ድንጋይነቱ ተመለሰ። የሃተን ተቃዋሚዎች «ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆ በሆነ ነበር» እያሉ ይከራከሩ ስለ ነበር፣ መምህሩ በሕይወት ሳለ የናቀው ጽዋ ከሞተ በኋላ ጠበቃው ሆነ ማለት ነው። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል የሚያስደስተን ጥቂት ነገር ነው።

ሆል በምድጃ ያሳየውን ነገር ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከደጇ ላይ ታገኘዋለች። ከጀሞ ዓለም ገናን አልፎ የቡታጅራን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዞር ሲል ባልጪት የሚባል ስፍራ አለ። ባልጩት ማለት ያው በአማርኛ የምናውቀው ጥቁር ብርጭቆ የመሰለ ድንጋይ ነው፤ ቀልጦ የወጣ ዐለት ድንጋይ ለመሆን ጊዜ ሳያገኝ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ነው። በአዋሽ ዳር የኖሩት የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከዚህ ድንጋይ መቁረጫና መፋቂያ ይሠሩ ነበር። ከአካባቢው ተራሮች የዘነበው አመድም በንብርብር እየሸፈነ መሣሪያዎቻቸውንና የእግራቸውን ዱካ ሳይቀር ጠብቆ ለእኛ አቆየ። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። እንግዲህ እሳተ ገሞራ አጥፊ ብቻ ሳይሆን ግምጃ ቤት ጠባቂም ነው።

ወደ ጠረጴዛው ታሪክ እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሩዶልፍ ቦትገር የተባለ ጀርመናዊ፣ አሞኒየም ዳይክሮሜት የሚባለው ብርቱካናማ ጨው በእሳት ሲነካ ራሱ እየነደደና እየፈነጠቀ ወደ አረንጓዴ አመድ የሚለወጥ መሆኑን አሳየ። ይህ «የቦትገር እሳተ ገሞራ» በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የኬሚስትሪ መምህራን መመኪያ ሆኖ ኖረ። ብልጭታውም አመዱም እውነተኛ ተራራ ያስመስለዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሮሚየም መርዛማ፣ ካንሰርም የሚያመጣ መሆኑ ስለ ታወቀ ከብዙ ክፍሎች ወጣ። በስፍራውም ማንንም የማይጎዳው ሶዳና አቼቶ ገባ። ደኅንነቱን አገኘን፤ እሳቱን አጣን ማለት ይቻላል።

ታዲያ የልጅቱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ የሚያስፈልጋቸውን ሙቀት ከራሱ ከፈሳሹና ከጠርሙሱ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ይቀዘቅዛል። ከኤርታ አሌ የሚወጣው ቅልጥ ዐለት ግን ከ1100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በሙቀት ረገድ የጭቃው ተራራ የእውነተኛው ተቃራኒ ነው። ጣቷን የሰደደችው ልጅ እኛ ካጨበጨብነው ሁሉ የበለጠ ሳይንስ ሠርታለች።

ይሁን እንጂ ሙከራው ፈጽሞ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። አንድ ትልቅ እውነት ይዟል፤ ይኸውም ተራራን የሚያፈነዳው ጋዝ መሆኑን ነው። ከምድር በታች ባለው ቅልጥ ዐለት ውስጥ የውሃ እንፋሎትና ሌሎች ጋዞች ሟሙተው ይኖራሉ፤ የላዩ ክብደት ጨቁኖ ይይዛቸዋል። ዐለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ጭቆናው ይቀንሳል፤ ጋዙም አረፋ እየሆነ ይለያል፤ አረፋውም ዐለቱን እየገፋ ያወጣዋል። የተነቀነቀ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ምን እንደሚሆን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ለብሎኬት ማምረቻ የሚመጣው ቀላል ጠጠር፣ ፑሚስ የሚባለው፣ ያ አረፋ በድንጋይ ውስጥ ተይዞ የቀረበት ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከአቼቶው ይልቅ ግን ምሥጢሩን ሁሉ የያዘችው፣ በየቤታችን ከምድጃ ላይ የምትውለው የሽሮ ድስት ናት እንላለን። ቀጠን ያለ ሽሮ ሲፈላ አረፋው ያለ ችግር እየወጣ ይከስማል። ወፍራም ሽሮ ግን አረፋውን አፍኖ ይይዛል፤ ከዚያ ድንገት «ጧ!» ብሎ ይፈነጥቅና የእናትን እጅ ያቃጥላል። ቅልጥ ዐለትም እንዲሁ ነው። የኤርታ አሌው ሲሊካ የሚባለው ነገር የሚያንስበት ቀጭን ስለ ሆነ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ በአፉም ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የላቫ ኩሬ ሲንተከተክ ኖሯል። ሃሩን ታዚዬፍ፣ ጆርጆ ማሪኔሊና ጓደኞቻቸው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወደ አፋር ወርደው ያንን ኩሬ ከዳር ቆመው ለዓለም ሊቃውንት መስክረዋል። ፉሪና ጎረቤቱ ወጨጫ፣ በምሥራቅም የረር፣ የተሠሩት ከወፍራሙ ወገን ነው፤ ድንጋያቸው ግንበኞቻችን በስሙ የሚጠሩት ትራካይት ነው። ሩቅ መፍሰስ ስላልቻለ ከወጣበት አጠገብ እየተከመረ ተራራ ሆነ። ሽሮ በአቼቶ ፋንታ ወደ ክፍል ይግባ ብንል የሚስቁብን ይኖሩ ይሆናል፤ ይሳቁ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። እሳተ ገሞራ ማለት የገሞራ እሳት ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ነገር ሲሰይሙ እሳትና ዲን ከሰማይ የዘነበባትን ከተማ አስበዋል። ስሙ ያማረ፣ የከበደም ነው፤ እኛም ይለወጥ አንልም። ነገር ግን ቃሉ ከቅጣት ጋር ስለ ተወለደ፣ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሕዝብ «ምን በደልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ገና ሕፃን የነበረችውን አዲስ አበባን ሲያናውጥ፣ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ በድንጋጤ ተዋጠ። ከዚህ የቀደመውንም ዘመን ብናይ፣ በ1853 ዓ.ም. ግንቦት ሲብት ዛሬ በኤርትራ ውስጥ የሚገኘው ዱቢ ፈንድቶ ላቫው እስከ ቀይ ባሕር ዳር ወርዷል፤ መንደሮችን አጥፍቶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል፤ አመዱም ከመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወድቋል።

እንዲህ ያለውን ወሬ ሁሉ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ደብዳቤ እየለቀመ በአንድ ያስቀመጠልን ሰው አለ። ከካናዳ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ የዓለም ሊቃውንት ምድርን በኅብረት በሚያጠኑበት የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጥናት ጣቢያ አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ ይህ ካራቆሬ ከእኛው ጎረቤት ከአዲስ አበባው ካራቆሬ ጋር እንዳይምታታ፣ በስተ ሰሜን ወደ ወሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ነው። ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፈራረሳት። አባ ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘውን መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። «ምን በደልን?» የሚለው ጥያቄ «የት? መቼ? ምን ያህል?» ወደሚለው ሲለወጥ የታየው በዚህ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ የጭቃውን ተራራ ሁለተኛ ስሕተት ለማየት እንችላለን፤ እኛም የምንፈራው ከቅዝቃዜው ይልቅ ይህንኛውን ነው። የጭቃው ተራራ ሁልጊዜ ይፈነዳል። አቼቶ የፈሰሰበት ሶዳ አረፋ ሳያወጣ ቀርቶ አያውቅም። እውነተኛው ምድር ግን እንዲህ አይደለም።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ ተራራ በኩል፣ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች፤ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 8 ሜትር ድረስ ተላቀቀች። ሁለት ተኩል ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚያህል ቅልጥ ዐለት ወደ ስንጥቁ ገባ። ከዚህ ሁሉ መካከል ከላይ የታየው መስከረም 16 ቀን፣ በደመራ ዕለት፣ ዳኡሬ በሚባለው ስፍራ ከተከፈተ አንድ አፍ የወጣ ጥቂት አመድና ድንጋይ ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ ከመሬት በታች ቀረ። በመላ አገሪቱ ደመራ ሲለኮስ በአፋር በረሃ ምድር ራሷ ጭሷን አወጣች፤ ግን ከያዘችው እጅግ ጥቂቱን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውም እንደዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በፈንታሌና በሰሜኑ በዶፈን መካከል ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች እየሰነጠቀ ሄደ። ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፤ ከሁሉ የበረታውም በየካቲት ወር ወደ 6 መጠን ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ መጠለያ ሄዱ። ተራራው ይፈነዳል ተብሎ ተጠበቀ፤ ላቫ ግን አልወጣም። ፈንታሌ የማይፈነዳ ተራራ ሆኖ አይደለም፤ በመተሐራ አጠገብ በመንገዱ ዳር የምናየው ጥቁር የላቫ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የፈሰሰ ነው።

በሶዳና በአቼቶ ብቻ እሳተ ገሞራን የተማረ ልጅ አድጎ ሹም ቢሆን፣ ወይም የቤተሰብ አለቃ ቢሆን፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ያስባል? ካልፈነዳ ሐሰት ነበር ይላል። ከመጠለያ የተመለሰውም ገበሬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ውጡ» ሲሉት ያለፈውን እያስታወሰ እንቢ ይላል። ሊቃውንቱ ይህን ስለሚያውቁ በቤተ ሙከራቸው ሌላ ዓይነት ሞዴል ይሠራሉ፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የረጋ ጄላቲን አድርገው ከሥር ቀለም ያለበት ውሃ በቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። ውሃው ጄላቲኑን እንደ ቢላዋ እየሰነጠቀ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ከላይ ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜ መካከል ላይ ይቆማል። የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም። ለእኛ አገር ግን ከአረፋው ይልቅ ይህ ይቀርባታል።

ለኋላ ወንበሩ ልጅስ ምን እንመልስለት? ፉሪ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የፈነዳው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው፤ ከሰሜን የከበበን እንጦጦ ደግሞ ከዚያም በጣም ይርቃል፣ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የምድር መሰንጠቂያው ከእነርሱ ርቆ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዷል። ዛሬ ፉሪን መፍራት የሞተ አንበሳ መፍራት ነው። ለአዲስ አበባ የሚያሰጋት ከስምጥ ሸለቆው የሚመጣው ንቅናቄና፣ ነፋሱ ከረዳው፣ አመድ ነው። ለዚህም መድኃኒቱ የፎቁ ብረትና ሲሚንቶ በትክክል መለካቱ ነው። የጀሞ ልጅ በተራራው ፋንታ የሚኖርበትን ፎቅ ምሰሶ ቢመረምር ይሻለዋል።

ሰኞ እንደ ገና ወደዚያው ክፍል ሄድን። በዚህ ጊዜ ጉዳያችን ያው ነበር፤ ሌላ ሰበብ አልፈለግንም። መምህሩ ጠረጴዛቸው ላይ አራት ነገሮች ደርድረው ቆይተውናል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር የወደቀ ጥቁር ድንጋይ፣ ከፉሪ ግርጌ የመጣ ግራጫ ትራካይት፣ ከብሎኬት ማምረቻ የተለመነ ፑሚስ፣ ከአንድ ልጅ አያት ቤት የመጣ ባልጩት። ልጆቹ ፑሚሱ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ባዩ ጊዜ፣ ለአረፋው ከጮኹት የበለጠ ጮኹ። መምህሩ ስለ ቅዝቃዜው ሲያስረዱ የልጅቱን ስም ጠርተው «ጥያቄው የእርሷ ነው» ብለው ጀመሩ።

የጭቃው ተራራ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። በእሑድ ፀሐይ ደርቆ በአንድ ጎኑ ከአፉ እስከ ግርጌው ተሰንጥቋል። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ ልጅቱ ወደ ኋላ ቀረች፤ ማስመሪያዋን አውጥታ በስንጥቁ ላይ ስታስቀምጥ አየናት። ጠጋ ብለን ምን ያህል እንደ ሆነ ጠየቅናት።

«ሦስት ሚሊ ሜትር» አለችን፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ቀኑንም ጨመረችበት።